ዋስትናና መከላከያ በአዲስ የጭነት መኪና ግዢ

የጭነት መኪና ተገዝቶ እንደ ቤት ዕቃ የሚቀመጥ ንብረት አይደለም። ገበሬ በበሬው አርሶ እንደሚበላ ሁሉ፣ የጭነት መኪና ባለቤትም በመኪናው ሠርቶ ይኖራል። በሬው የታመመበት ገበሬ እርሻው እንደሚስተጓጐልበት፣ መኪናው የቆመበት ሰውም ገቢው ይቋረጥበታል፤ ዕዳው ግን አይቆምም። ስለዚህ አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው ከዋጋው ቀጥሎ የሚያነሣቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው «ቢበላሽ ማን ይጠግንልኛል?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «እንዳይበላሽስ ምን ላድርግለት?» የሚል ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ዋስትና፣ ለሁለተኛው የሚሰጠው ደግሞ ተጨማሪ መከላከያ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የሁለቱን ምንነትና አመራረጥ የሱዳንን ዋና ከተማ ካርቱምን ምሳሌ በማድረግ እንመለከታለን።

ካርቱም ለምሳሌነት የተመረጠችው ያለ ምክንያት አይደለም። ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ የሚገናኙባት ይህች ከተማ ከባሕር የራቀች ስለ ሆነች፣ የባሕር ማዶ ዕቃ የሚደርሳት በቀይ ባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ከፖርት ሱዳን ወደብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 የተጠናቀቀው የአስፋልት መንገድ ከካርቱም ተነሥቶ በወድ መደኒ፣ በገዳሪፍና በከሰላ በኩል 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ከወደቡ ይደርሳል። ከገዳሪፍ የሚገነጠለው መንገድም በጋላባትና በመተማ አድርጎ ወደ ጎንደር ስለሚዘልቅ፣ የዚያ አገር የጭነት ሥራ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከዚህም በላይ የካርቱም የአየር ጠባይ ለማንኛውም መኪና ከባድ ፈተና ነው። በሚያዝያና በግንቦት ወራት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ «ሀቡብ» የሚባለው የአቧራ ማዕበልም እንደ ግድግዳ ቆሞ ይመጣና ቀኑን ያጨልመዋል።

አንድ መኪና የተሠራበት አገርና የሚያገለግልበት አገር በአየርና በመንገድ ሲለያዩ፣ መኪናውን ከሥራ ቦታው ጋር ማስማማት ግድ ይሆናል። የሱዳን የእጅ ባለሙያዎች ይህን ቀደም ብለው ተረድተውታል። በ20ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽና ከዚያም በኋላ በአገሪቱ እጅግ የታወቀው የጭነት መኪና በእንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው ቤድፎርድ ነበር። ቤድፎርድ ሱዳን ከገባ በኋላ የአገሩ አንጥረኞች፣ በያጆችና አናጢዎች ሻንሲውን ያጠናክሩታል፤ ባሌስትራ ይጨምሩለታል፤ የጭነቱንም ሣጥን ራሳቸው ይሠሩለታል። እንዲህ ከተሰናዳ በኋላ በአሸዋውና በጭቃው መንገድ ላይ እህልና ሰው አሳፍሮ ለብዙ ዘመን ያገለግል ነበር። ለዚያ ዘመን ባለመኪና እውነተኛው ዋስትና የፋብሪካው ወረቀት ሳይሆን የአንጥረኛው እጅ ነበር ማለት ይቻላል።

በዛሬው ጊዜ አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው ብዙ ዓይነት ተጨማሪ መከላከያ በሻጩ ይቀርብለታል። ቀለም እንዳይደበዝዝ የሚቀባ፣ የመኪናው ሆድ እንዳይዝግ የሚለቀለቅ፣ መቀመጫ የሚሸፍን፣ ሞተር ከአቧራ የሚጠብቅ፣ ሌላም ሌላም አለ። ገዢው በእያንዳንዱ ፊት ቆሞ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «ይህ መከላከያ የሚያስቀረው አደጋ እኔ በምሠራበት መንገድ ላይ አለን?» የሚል ነው።

የዝገት መከላከያን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በክረምት ወራት በረዶውን ለማቅለጥ በመንገድ ላይ ጨው ይበተናል። ጨው ከውኃ ጋር ሆኖ ብረትን በቶሎ ስለሚበላ፣ በእነዚያ አገሮች የመኪናውን ሆድ በመከላከያ መለቅለቅ ተገቢ ነው። በካርቱም ግን አየሩ ደረቅ፣ ዝናሙም ጥቂት ስለ ሆነ ዝገት ቀስ ብሎ ይመጣል። ስለዚህ በከተማዋና በአካባቢዋ ብቻ ለሚሠራ መኪና ይህን መከላከያ በብዙ ገንዘብ መግዛት ትርፉ አነስተኛ ነው። ሆኖም መኪናው ወደ ፖርት ሱዳን የሚመላለስ ከሆነ የባሕሩ አየር ራሱ ጨዋማ ነውና፣ ያው መከላከያ ዋጋ ያለው ይሆናል። እንግዲህ አንድ ነገር ጠቃሚ ወይም ከንቱ የሚሆነው መኪናው በሚውልበት ቦታ መሠረት መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

በካርቱም ከሁሉ የሚብሰው ጠላት አቧራ ነው። ሞተር ናፍጣ ለማቃጠል ብዙ አየር ይስባል። የአየር ማጣሪያው ደካማ ከሆነ ወይም በጊዜው ካልጸዳና ካልተለወጠ፣ ከአየሩ ጋር የሚገባው ደቃቅ አሸዋ በፒስተንና በሲሊንደር መካከል ገብቶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ብረቱን ይፍቀዋል። ሞተሩም ያለ ዕድሜው ጕልበቱን ያጣል፤ ዘይት መብላትና መጨስም ይጀምራል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ አገር አየሩ ከዋናው ማጣሪያ ከመድረሱ በፊት አቧራውን የሚቀንስ ቅድመ ማጣሪያ፣ በሚገባ የሚያቀዘቅዝ ራዲያተር፣ ውኃን ከናፍጣ የሚለይ ማጣሪያና ጠንካራ የጭነት ሸራ ለሚወጣባቸው ገንዘብ የሚገባ ጥቅም ይሰጣሉ። ከዓይን ተሰውረው የሚሠሩት እነዚህ ዕቃዎች ከሚያብረቀርቀው ቀለም ይልቅ መኪናውን ያቆዩታል።

አሁን ደግሞ ወደ ዋስትና እንለፍ። በሱዳን ገበያ በዐረብኛ «ደማን» የሚባለው ዋስትና፣ በፋብሪካው ስሕተት ወይም በዕቃው ጉድለት የሚደርሰውን ብልሽት ሻጩ ያለ ክፍያ ለመጠገን ወይም ለመለወጥ የሚገባው ቃል ነው። ዋስትና ከመድን የተለየ መሆኑ መታወቅ አለበት። ዋስትና ከመኪናው ውስጥ የሚመጣውን ጉድለት ሲመለከት፣ መድን ግን ከውጭ የሚመጣውን አደጋ፣ ማለትም ግጭትን፣ መገልበጥን፣ ቃጠሎንና ስርቆትን ይመለከታል። እንደ ጎማ፣ እንደ ፍሪሲዮንና እንደ ፍሬን ሸራ ያሉት በሥራ ብዛት የሚያልቁ ዕቃዎች ግን ብዙውን ጊዜ በዋስትናውም በመድኑም አይሸፈኑም። ከመጠን በላይ በመጫን የሚሰበር ባሌስትራ፣ ባለመጽዳቱ የታፈነ ማጣሪያ ያበላሸው ሞተርም እንዲሁ በባለቤቱ ላይ ይቀራል።

የዋስትና ውል የሚነበበው በጥንቃቄ፣ ቃል በቃል ነው። ውሉ «ሁለት ዓመት ወይም 100,000 ኪሎ ሜትር፣ ከሁለቱ በቀደመው» ይላል እንበል። ችኩል አንባቢ «ሁለት ዓመት» የሚለውን ብቻ ይዞ ደስ ብሎት ይፈርማል። አስተዋይ አንባቢ ግን እርሳስ አንሥቶ ያሰላል። ከካርቱም ፖርት ሱዳን ደርሶ መልስ 2,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በየሳምንቱ አንድ ጊዜ የሚመላለስ መኪና 100,000 ኪሎ ሜትሩን በ42 ሳምንታት ውስጥ ይጨርሳል። ስለዚህ የሁለት ዓመት የተባለው ዋስትና ለዚህ መኪና ዐሥር ወር እንኳ አይሞላም ማለት ነው። «በቀደመው» የምትለው አንዲት ቃል የውሉን ዕድሜ ከግማሽ በታች አሳጠረችው። ቋንቋን ጠንቅቆ ማወቅ ለፈተና ብቻ ሳይሆን ለኑሮም እንደሚያስፈልግ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

ሌላው ብርቱ ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር መከላከያና ዋስትና እርስ በርሳቸው ሊጣሉ መቻላቸው ነው። ባለመኪናው እንደ ቀድሞው ዘመን መኪናውን ወደ በያጅ ወስዶ ሻንሲውን ቢያስበይድ፣ ባሌስትራ ቢያስጨምር ወይም የናፍጣ ጋን ቢያስቀጥል፣ ሻጩ «መኪናው ያለ ፈቃዴ ተለውጧል» ብሎ ከዚያ ለውጥ ጋር ለተያያዘው ብልሽት ዋስትናውን ሊነፍግ ይችላል። መንገዱ ማጠናከርን ይጠይቃል፤ ወረቀቱ ደግሞ ማጠናከርን ይከለክላል። ከዚህ ችግር መውጫው ማናቸውም ጭማሪ ከመሠራቱ በፊት የሻጩን ስምምነት በጽሑፍ መቀበል ነው። በቃል የተባለ «ምንም አይደለም» ብልሽት በመጣ ጊዜ ምስክር አይሆንም።

ዋስትና ቃል በመሆኑ፣ ክብደቱ የሚለካው በቃል ሰጪው ዐቅም ነው። ፋብሪካው በሩቅ አገር ሲሆን ቃሉን የሚፈጽመው የአገር ውስጥ ወኪሉ ነው። ወኪሉ ጋራዥ፣ የሠለጠኑ መካኒኮችና በቂ መለዋወጫ ከሌሉት፣ የአምስት ዓመት ዋስትና ቢሰጥም ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሆናል። ለዚህ የሱዳን ታሪክ ግልጽ ምሳሌ ይሰጣል። ዩናይትድ ስቴትስ እ.ኤ.አ. በ1997 በሱዳን ላይ የጣለችው የንግድ ማዕቀብ እስከ 2017 ድረስ ስለ ቆየ፣ ከዚያች አገር ዕቃ ማስመጣትም ሆነ በባንክ ወደ ውጭ ገንዘብ መላክ አስቸጋሪ ሆኖ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ገዢው ከወረቀቱ ዕድሜ ይልቅ መለዋወጫው በከተማው ገበያ መገኘቱን ማረጋገጥ ይበጀዋል።

ገዢው የጽሑፍ ዋስትና ባይሰጠው እንኳ ሕግ ጨርሶ አይተወውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቍጥር 2287 ጀምሮ፣ ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ኀላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ገዢውም ዕቃውን እንደ ተረከበ መመርመርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ማስታወቅ አለበት። በእስልምና ሕግም ገዢ በዕቃው ላይ የተሰወረ ነውር ሲያገኝ ውሉን ለማፍረስ መብት አለው፤ ይህም «ኺያር አልዐይብ» ይባላል። እንግዲህ የሁለቱ አገሮች ሕዝቦች የሚመሩበት ሥርዐት ቢለያይም፣ ነውርን ሰውሮ መሸጥ በሁለቱም ዘንድ የተነቀፈ ነው።

የመጀመሪያው ዋስትና ሲያልቅ የሚቀጥል ተጨማሪ ዋስትና በገንዘብ የሚሸጥበት ጊዜም አለ። ይህን ለመወሰን ቀላል ስሌት ይረዳል። የተጨማሪው ዋስትና ዋጋ 60,000 ብር፣ ሞተር ማሳደሻው ደግሞ 400,000 ብር ነው ብለን እናስብ። ከዐሥር መኪኖች በአንዱ ላይ ብቻ ይህ ብልሽት የሚደርስ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ መኪና የሚደርሰው የጉዳት ድርሻ 40,000 ብር ነው። በዚህ ስሌት ብዙ መኪናዎች ያሉት ድርጅት 60,000 ብር ከሚከፍል ገንዘቡን አስቀምጦ የተበላሸውን ራሱ ቢጠግን ይሻለዋል። አንዲት መኪና ብቻ ያለችው፣ እርሷንም የቤተሰቡን ጥሪት አሟጦና ተበድሮ የገዛ ሰው ግን ነገሩ ይለይበታል። ለእርሱ ያ አንድ ብልሽት ከደረሰ የልጆቹ ትምህርትና የቤቱ ኑሮ አብሮ ይናጋል። ስለዚህ ይህ ሰው ከአማካዩ በላይ ከፍሎም ቢሆን ከጥፋት መዳንን ቢመርጥ አይፈረድበትም።

አደጋን ብዙ ሰዎች ሆነው መካፈል የሚለውን ሐሳብ እኛ በእድር እናውቀዋለን። ሱዳናውያንም ይህንኑ ሐሳብ በመድን ሥራ ላይ አውለውታል። በእስልምና ሥርዐት መሠረት አባላቱ አዋጥተው እርስ በርስ የሚረዳዱበት «ተካፉል» የተባለው የመድን ዓይነት በድርጅት መልክ በመጀመሪያ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1979 በሱዳን ነው። ከዚያ ወዲህ ወደ ብዙ አገሮች ተስፋፍቷል።

ይሁን እንጂ ማንኛውም ዋስትና ወሰን አለው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሣ። ፋብሪካዎች፣ ጋራዦች፣ ሱቆችና መጋዘኖች ተዘረፉ፤ ተቃጠሉም። እጅግ ብዙ መኪናዎች ከባለቤቶቻቸው ተወሰዱ። የዋስትና ውል እንዲህ ያለውን ጥፋት አይመለከትም፤ የተለመደው የመድን ውልም በልዩ ስምምነት ካልተካተተ በቀር ጦርነትን ከኀላፊነቱ ያወጣል። ወረቀቱን የሰጠው መሥሪያ ቤት ራሱ በፈረሰበት ቦታ ወረቀቱ ብቻውን ምንም ማድረግ አልቻለም። የንብረት ሁሉ ታላቁ ዋስትና ሰላም መሆኑን የካርቱም ባለመኪናዎች በመራራ መንገድ አይተውታል።

በአጠቃላይ አዲስ የጭነት መኪና የሚገዛ ሰው መንገዱን፣ አየሩንና ጭነቱን አስቀድሞ ማወቅ፣ መከላከያውን ለእነዚህ መምረጥ፣ ውሉን ከመፈረሙ በፊት እስከ መጨረሻው ማንበብ፣ የቃል ተስፋን ወደ ጽሑፍ ማስለወጥ፣ የየጊዜውን የጥገናና የዘይት ቅያሪ ደረሰኝ በጥንቃቄ መያዝ ይገባዋል። ደረሰኝ የሌለው ሰው መኪናውን በሚገባ መያዙን ማስረዳት አይችልምና። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ በግዢው ዕለት የሚጠፋው የአንድ ሰዓት ንባብ በበረሃ መካከል መኪና ተበላሽቶ ከሚታደርባቸው ብዙ ሌሊቶች ያድናል።