ዳገትን በዝግታ መውጣት፦ የደን ጎዳናና የፊዚክስ ሕግ

በአገራችን የተረፉት ደኖች አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት በተራራ ላይ ነው። በመሆኑም አዛውንትና በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሱ ወገኖቻችን ከዳገቱ ሥር ይቀራሉ። ይህን እንቅፋት ለማቃለል ፊዚክስ ምን ይላል?

ሲሪንቃን በምሳሌነት እንውሰድ። በወልድያና በመርሳ መካከል በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ የምትገኘው ይህች ስፍራ በግብርና ምርምር ማዕከሏ ትታወቃለች። በስተምዕራቧም ተራሮች ይነሣሉ። አንድ ሰው ከነወንበሩ 100 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ በተራራው ላይም 10 ሜትር ከፍ ማለት ይፈልጋል እንበል። ሰበቃን ለጊዜው ብንተወው፣ በየትኛውም መንገድ ቢወጣ የሚሠራው ሥራ 9,800 ጁል ነው። ከዚህ የሚቀንስ ብልሃት የለም፤ የሚለወጠው የመግፊያው ኃይል ብቻ ነው። ጎዳናው በየ3 ሜትሩ 1 ሜትር ከፍ የሚል ከሆነ ርዝመቱ 30 ሜትር፣ ኃይሉ 327 ኒውተን ይሆናል፤ ይህም 33 ኪሎ ግራም እንደ መሸከም ነው። በየ12 ሜትሩ 1 ሜትር ከፍ የሚል ከሆነ ግን ርዝመቱ 120 ሜትር፣ ኃይሉ 82 ኒውተን ብቻ ነው። እንግዲህ ርዝመትን ከፍለን ድካምን እንቀንሳለን ማለት ነው።

ይሁንና ጠመዝማዛነት ብቻውን አይበቃም። ልል አሸዋና ጭቃ መንኮራኩሩን ስለሚይዙት፣ በዳገቱ ያተረፍነውን መልሰው ይወስዱታል። ስለዚህ ጎዳናው በሚገባ የተጠቀጠቀ፣ በየመካከሉም ደልዳላ ማረፊያ ያለው መሆን ይኖርበታል። የከፍታ ጉዳይም አለ፦ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ለሕዝብ የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህል ነው። በሲሪንቃ ከፍታ ግን 80 በመቶ ይደርሳል። ተራራው ከፍ ባለ መጠን ማረፊያዎቹ መቀራረብ አለባቸው።

ለስላሳው ጎዳና የሚጠቅመው ለጎብኚው ብቻ አይደለም። ሽቅብ ቀጥ ብሎ የተቀደደ መንገድ በክረምት ጎርፍ ይወርድበትና ቦይ ይሆናል፤ ውሃ በቁልቁለት ሲፈጥን አፈርን ጠርጎ የመውሰድ አቅሙ ይጨምራልና። የወሎ ገበሬ እርከኑን ተዳፋቱን አቋርጦ አግድም የሚሠራው በዚሁ ምክንያት ነው። የውሃ ማስወገጃ እስከተበጀለት ድረስ፣ ለአዛውንቱ የሚመቸው ጎዳና ለደኑም ይመቻል።

ስለሆነም የደን ጎዳና ለመቅደድ የሚያስቡ ሁሉ አስቀድመው 12 ሜትር ገመድና ውሃ የተሞላ ብርሃን አሳላፊ ቱቦ ይያዙ። በገመዱ ሁለት ጫፎች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ከ1 ሜትር ከበለጠ፣ መቆፈር ሳይጀመር አንድ ጥምዝ ይጨመር።