ከፓነሉ ጀርባ ያለው ሳጥን

የመርካቶው ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ሰፈር ነውና የሶላርን ነገር ከባትሪ ብንጀምረው ይቀላል። የጭነት መኪና ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ታስረው 24 ቮልት ይሰጣሉ፤ አንዱ ከደከመ ጤነኛው ብቻውን ሞተሩን አያስነሳም። ጣሪያ ላይ የሚደረደር ሶላርም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ዐሥር ፓነል በተከታታይ ሲታሰር በሁሉም ውስጥ የሚያልፈው ከረንት አንድ ነው። አንዱ ላይ ጥላ ሲያርፍ ወይ የሌሎቹን ጉልበት ይዞ ይወርዳል፣ ወይ ውስጡ ያሉት ዳዮዶች የተጠለለውን ክፍል ዘለው ያልፉና ድርሻው ይቀራል።

መርካቶ ውስጥ ደግሞ ጥላ ሞልቷል። አሮጌው ቆርቆሮ ጣሪያ ከአዲሱ ባለ መስታወት ፎቅ ሥር ነው። 20 ሜትር የሚረዝም ሕንፃ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ወደ ሰሜን ከ12 ሜትር በላይ ጥላ ይጥላል። በሰኔ ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ስለምትሻገር ጥላው ወደ ደቡብ ዞሮ 5 ሜትር ገደማ ይሆናል። የክረምቱ ግን ብዙም አያሳስብም፤ ደመና ሁሉንም ፓነል እኩል ስለሚያጨልም የትኛውም መላ አያድነውም።

ለጥላው ሁለት መላ አለ። ሁለቱም ከፓነሉ ጀርባ የሚታሰሩ ትንንሽ ሳጥኖች ስለሆኑ ከታች ሆኖ ለሚያያቸው አይለዩም። ኦፕቲማይዘር ከፓነሉ የሚወጣውን ዲሲ እንዳለ ይተወዋል። ፓነሉ በዚያች ደቂቃ ሊሰጥ የሚችለውን ከፍተኛ ኃይል እየፈለገ ቮልቴጁንና ከረንቱን አስተካክሎ ለመስመሩ ያቀብላል፤ ወደ ኤሲ የሚቀይረው ግን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ኢንቨርተር ነው። ማይክሮኢንቨርተር ግን እዚያው ፓነሉ ሥር 230 ቮልት ኤሲ ያወጣል፤ ግድግዳው ላይ ትልቅ ኢንቨርተር አያስፈልገውም። በመጀመሪያው የታወቀው የእስራኤሉ ሶላርኤጅና በሁለተኛው የታወቀው የካሊፎርኒያው ኤንፌዝ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2006 ተመሠረቱ። የተፎካከሩት በዋናነት በአሜሪካና በአውሮፓ ጣሪያዎች ላይ ነው፤ መብራት እምብዛም በማይጠፋበት አገር።

እኛ ጋ ሲመጣ ሚዛኑ ይቀየራል። አብዛኛው ማይክሮኢንቨርተር የመብራት ኃይልን መስመር ተከትሎ ነው የሚሠራው፤ መስመሩ ሲጠፋ እሱም ወዲያው ቀጥ ይላል። ይህ የአሠራር ጉድለት አይደለም፤ ምሰሶ ላይ ወጥቶ የሚጠግነውን ሠራተኛ ከሰው ጣሪያ የሚመለስ ኤሌክትሪክ እንዳይገድለው ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ለባለቤቱ ግን ፀሐይ አናት እየበሳ ፍሪጁ ቆመ ማለት ነው። ኤንፌዝ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው አይኪው8 ያለ መስመሩም መሥራት ይችላል። ሆኖም ቤቱን ከመንገዱ መስመር የሚነጥል ተጨማሪ መሣሪያ ይፈልጋል፤ ባትሪ ከሌለውም ደመና ባለፈ ቁጥር ይንገዳገዳል። እዚህ ሶላር የሚያስገባ ሰው ቆጣሪው ትንሽ እንዲያነብ ብሎ ሳይሆን መብራት ሲጠፋ ላለመቸገር ነውና፣ ገንዘቡ መጀመሪያ ባትሪና ከባትሪም ከመስመርም ጋር የሚሠራ ሃይብሪድ ኢንቨርተር ላይ ቢውል ይሻላል። ጥላ ካስቸገረ ኦፕቲማይዘሩ በኋላ ይታከላል።

በእሳት በኩል ሁለቱም ምስጋና ይገባቸዋል። ዐሥር ፓነል በተከታታይ ሲታሰር ከ300 ቮልት በላይ ዲሲ ጣሪያው ላይ ይሮጣል፤ የዲሲ ብልጭታ ደግሞ አንዴ ከተነሣ እንደ ኤሲው ቶሎ አይጠፋም። ማይክሮኢንቨርተር ባለበት ዲሲው ከአንድ ፓነል አያልፍም። የሶላርኤጅ ኦፕቲማይዘርም ኢንቨርተሩ ሲጠፋ ከእያንዳንዱ ፓነል የሚወጣውን ወደ 1 ቮልት ያወርደዋል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የመርካቶው ሸማ ተራ ሲነድ ላየ ሰው፣ ቆርቆሮ ከቆርቆሮ በተጠጋበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ጥገናው ነው። ሶማሌ ተራ የሚገባ ገዢ ከዋጋው ጋር የሚጠይቀው «ለዚህ ሞዴል ይሆናል ወይ?» ብሎ ነው፤ ሶላር ስንገዛ ግን ይህን ጥያቄ እንረሳዋለን። ግድግዳ ላይ ያለው ኢንቨርተር ሲበላሽ ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ይከፈታል፤ የተቃጠለው ትራንዚስተር ተነቅሎ ሌላ ይበየድበታል። እነዚያ ሳጥኖች ግን ውሃና አቧራ እንዳይገባቸው በብዛት በሙጫ የተሞሉ ናቸው፤ የተበላሸው ተጥሎ ሌላ ይተካል። ለመተካትም ጣሪያ ላይ ወጥቶ ፓነሉን ማንሣት ግድ ነው። ፋብሪካዎቹ እስከ 25 ዓመት ዋስትና ይጽፋሉ፤ ዋስትናውን እዚህ ተቀብሎ ዕቃ የሚለውጥ ወኪል ከሌለ ግን ወረቀት ነው። በዚያ ላይ የሶላርኤጅ ኦፕቲማይዘር ያለ ራሱ ድርጅት ኢንቨርተር አይሠራም። ቲጎ የተባለው ድርጅት ኦፕቲማይዘር በአንጻሩ ከአብዛኛው ኢንቨርተር ጋር ይስማማል፤ ጥላ ባለባቸው ፓነሎች ላይ ብቻም ሊታሰር ይችላል።

ሳጥን ከመግዛት በፊት ግን አንድ የበጋ ቀን ጠዋት፣ እኩለ ቀንና ከሰዓት ጣሪያው ላይ ወጥቶ ጥላው የት እንደሚያርፍ በኖራ ማስመር ይቻላል። ጥላ የሚያገኘው ሁለት ፓነል ብቻ ከሆነ ሁለቱን ወደ ሌላው ክፈፍ ማዛወር ከሁለቱም ሳጥን ይረክሳል።