ከሺህ ብዥታ አንድ ምስል፦ በትንሽ ቴሌስኮፕ ፕላኔቶችን ፎቶግራፍ ስለ ማንሳት



አንድ ጀማሪ ትንሽ ቴሌስኮፕ ይገዛና በመጀመሪያው ሌሊት ወደ ጁፒተር አነጣጥሮ ፎቶግራፍ ያነሣል። የሚያገኘው ነጭ፣ ቅርጽ አልባ ብዥታ ነው። «ዕቃው ርካሽ ስለሆነ ነው» ብሎም ቴሌስኮፑን ወደ ሣጥኑ ይመልሰዋል። ዛሬ ላስረዳ የምሻው ይህ ፍርድ የችኮላ መሆኑን ነው።

የሌንሱ ስፋት 70 ሚሊሜትር፣ የትኩረት ርቀቱ 700 ሚሊሜትር የሆነ ሪፍራክተር፣ ማለትም ብርሃንን በሌንስ የሚሰበስብ ተራ ቴሌስኮፕ እንውሰድ። ጋሊሊዮ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በጥር 1610 የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች ያየው ከዚህ በጠበበ ሌንስ ነበር። አንድ ዲግሪ ለ3,600 ሲከፈል የሚገኘው ማዕዘን የቅስት ሰከንድ ይባላል። የእኛ ሌንስ 1.7 የቅስት ሰከንድ ያህል የተራራቁ ነጥቦችን ይለያል። ጁፒተር ወደ ምድር ሲቀርብ ስፋቱ 45 የቅስት ሰከንድ ያህል ነው። ስለዚህ ከዳር እስከ ዳር ከ25 በላይ ነጥቦችን መለየት ይቻላል፤ ይህም ሁለቱን ጥቁር መቀነቶቹን ለማሳየት ይበቃል።

ታዲያ ምን ጋረደን? አንደኛው ምክንያት የብርሃን መብዛት ነው። ካሜራው በራሱ ሲመጥን ሰፊውን ጥቁር ሰማይ አይቶ ፕላኔቷን ያነጣታል። የብርሃን መቀበያ ጊዜውን በእጅ ማሳጠር ይገባል። ሁለተኛውና ዋናው ምክንያት ከባቢ አየር ነው። የሙቀት መጠናቸው የተለያየ የአየር ንብርብሮች ብርሃኑን በየቅጽበቱ ወዲያና ወዲህ ያጥፉታል። ቀን የጋለ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ማነጣጠር ችግሩን ያባብሰዋል። ፕላኔቷ ከአድማስ ከፍ ስትል ግን ብርሃኗ የሚያቋርጠው አየር ይቀንሳል። በዚህ ረገድ ዕድለኞች ነን፤ አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ፕላኔቶች ወደ አናታችን ተጠግተው ያልፋሉ።

መፍትሔው አንድ ፎቶግራፍ ሳይሆን ቪዲዮ ነው። በሰከንድ 40 ምስል ለ100 ሰከንድ ብንቀርጽ 4,000 ምስሎች እናገኛለን። አየሩ ረጋ ባለባቸው ቅጽበቶች የተነሡትን 400 ምርጦች ሶፍትዌር ለይቶ፣ አስተካክሎ ይደራርባቸዋል። አማካያቸው ሲወሰድ የዘፈቀደ ስሕተቱ በ400 ካሬ ሥር፣ ማለትም በ20 እጥፍ ይቀንሳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ጁፒተር የምትዞረው 1 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሆነ ምስሉ በመዞሯ አይደበዝዝም።

ሆኖም አማካይ የማያጠፋው ስሕተት አለ። ርካሽ ሌንስ ሁሉንም ቀለማት በአንድ ነጥብ ላይ ስለማያገናኝ በፕላኔቷ ዙሪያ ወይን ጠጅ ጭጋግ ይታያል። ሺህ ምስል ብንደራርብም ጭጋጉ በሁሉም ላይ ስላለ አብሮ ይደረባል። ቢጫ ማጣሪያ መጠቀም ግን ይቀንሰዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ሶፍትዌሩ ምስሉን የሚያጠራ መቆጣጠሪያ አለው። ከልክ በላይ ሲገፋ ሰማይ ላይ የሌሉ መስመሮችንና በፕላኔቷ ጠርዝ ላይ ሐሰተኛ ቀለበት ይፈጥራል፤ ምስሉም ያምራል። እውነተኛውን ከሐሰተኛው ለመለየት በጥቂት ደቂቃዎች ልዩነት ሁለት ቪዲዮዎች ቅረጹ፤ በየራሳቸውም አዘጋጇቸው። በአንዱ ብቻ የታየውን ዝርዝር አትመኑት። በሁለቱም የታየውንም ገና መርምሩት፤ መቆጣጠሪያውን ቀነስ ስታደርጉ የሚጠፋ ከሆነ የሠራችሁት እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ።

በላቦራቶሪ የምንማረው ሥርዓትም ይኸው ነው፤ ደጋግሞ መለካት፣ የዘፈቀደውን ስሕተት ከቋሚው መለየት፣ ከመረጃው በላይ አለመናገር። በትልቅ ቴሌስኮፕ የሚሠራም ሰው ከዚህ ሥርዓት ነፃ አይደለም። ስለዚህ ሣጥን ውስጥ ያስቀመጣችሁት ቴሌስኮፕ ካለ፣ ሰማዩ ሲጠራ አውጡት።