«ጉላት» እና «የመስሚያ መጠን»፦ ስለ ድምፅ ቀረጻ ስያሜዎች

ኦዲዮ ኢንተርፌስ በመባል የሚታወቀው የቤት ውስጥ ቀረጻ መሣሪያ ከማይክሮፎን የሚደርሰውን ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ አጉልቶና ወደ አኃዝ ለውጦ ለኮምፒዩተር ያቀብላል። ለሲዲ በሚዘጋጅ ቀረጻ በሴኮንድ 44,100 ናሙናዎች ይወሰዳሉ። «በይነገጽ» የሚለው ቃል በስክሪን ላይ የሚታይ ገጽን ስለሚያሳስብ፣ ይህን መሣሪያ «የድምፅ አገናኝ» ማለቱ ይመረጣል።

ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው የሁለት ቁልፎች ስያሜ ነው። ጌይንም ሆነ ቮሊዩም በተለምዶ «ድምፅ መጨመሪያ» ይባላሉ፤ ተግባራቸው ግን ለየቅል ነው። ጌይን ወደ ቀረጻው የሚገባውን ሞገድ ያጎላል፤ የጆሮ ማዳመጫው ቮሊዩም ግን የሚሰማውን ብቻ ከፍና ዝቅ ያደርጋል እንጂ ቀረጻውን አይነካም። «ድምፁን ጨምር» የተባለ ሰው ጌይኑን ያለ ልክ ቢያዞረው ሞገዱ ከ0 ዴሲቤል ጣሪያ ይደርስና ጫፉ ይቆረጣል። የተቆረጠውንም ኋላ ድምፁን በመቀነስ መመለስ አይቻልም።

ስለዚህ የሚከተሉት አቻ ቃላት ቀርበዋል፦

ጌይን፦ ጉላት።
ቮሊዩም፦ የመስሚያ መጠን።
ክሊፒንግ፦ ክርከማ። «ቁርጠት» የሆድ ሕመም መጠሪያ በመሆኑ አልተመረጠም።

የአጠቃቀም ምሳሌ፦ «ተናጋሪው በሚቀረጽበት ኃይል እየተናገረ፣ የድምፁ ጫፍ ከ0 በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ እስኪውል ጉላቱ ይስተካከላል። የመስሚያው መጠን ከዚያ በኋላ ለጆሮ እንደሚስማማ ይደረጋል። ክርከማ ከታየ የሚቀነሰው ጉላቱ ነው።»