ድምፁ የማን ነው?

በተመላላሽ ሕክምና ክፍላችን ካርዶች ላይ እንደ «ድምፅ ይሰማታል» በብዛት የሚጻፍ ነገር ጥቂት ነው። ይህ ከሰፈረ በኋላ ቀሪው ብዙ ጊዜ በራሱ ይሄዳል፤ ሳይኮሲስ (ከእውነታ ጋር ያለን ትስስር የሚያሳጣ ሁኔታ) ይባላል፣ ሪስፔሪዶን ወይም ሃሎፔሪዶል ይታዘዛል፣ ቀጠሮ ይሰጣል። ውጭ አግዳሚው ላይ የተደረደረውን ሰው ያየ በሐኪሙ አይፈርድም። ሆኖም ድምፅ መስማት ብቻውን ሳይኮሲስ መኖሩን አያረጋግጥም። ላለፉት 40 ዓመታት ገደማ የተሠሩ ጥናቶች ይህንን ደጋግመው አሳይተዋል፤ የምርመራ ልማዳችን ግን ብዙም አልተለወጠም።

ሁለት ታካሚዎችን ላንሳ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ለውጫለሁ፤ ታሪካቸው ግን በሙያው ላለ ሰው እንግዳ አይደለም።

አንደኛዋ ከአረብ ሀገር ተመልሳ አክስቷ ዘንድ የተጠጋች ወጣት ናት። መድኃኒቱ መጠኑ እየጨመረ ሄዶ ሰውነቷ ተሳስሯል፣ ምራቋ ይዝረበረባል፤ ድምፁ ግን እንዳለ አለ። የምጠይቃትን ሁሉ የሚመልሱልኝ አክስቷ ነበሩ። እሳቸው ካርድ ለማሳደስ ወጣ ሲሉ «ምን ይልሻል?» አልኳት። «ስሜን ትጠራለች።» ማን? «ማዳም።» መቼ? የበር ደወል ሲጮኽ፣ በረኪና ሲሸታት። አንዳንድ ሌሊት ራሷን ማድ ቤት ቆማ ታገኘዋለች፤ ሳህኑ ሁሉ ታጥቧል፣ እንዴት ከመኝታዋ እንደተነሳች አታውቅም። አሠሪዋ የነበረችው ሴትዮ አዲስ አበባ ውስጥ ያለች ይመስልሻል ወይ ስላት ቀና ብላ አየችኝ፤ «እንደሌለችማ አውቃለሁ። ግን እግሬ ይነሳል» አለችኝ።

ሁለተኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ዓመት ለሚሆን ጊዜ ቀስ በቀስ ከሰው ራቀ፣ ገላውን መታጠብ ተወ፣ ትምህርቱን ጣለ። እናቱ ምግቡን መርዘውብኛል ብሎ ያምናል፤ ሁለት ሰዎች ስለ እሱ ሲያወሩ ይሰማል። ድምፁን የሚቀሰቅስ የተለየ ነገር የለም፤ ከትውስታው የጎደለ ሰዓትም የለም። ስለ መርዙ የሚከራከረው ሰው ሁሉ ከጠላት ያበረ ይመስለዋል። መድኃኒት ከጀመረ ከሳምንታት በኋላ ከእናቱ እጅ መብላት ጀመረ።

የሁለቱም ካርድ ላይ የተጻፈው ያው ድምፅ መስማታቸው ነው። እሱ ያለበት ሳይኮሲስ ነው። እሷ ላይ የጎላው ግን ዲሶሲዬሽን የምንለው ሁኔታ ነው። ትውስታ፣ ስሜት፣ ሰውነትና «እኔ» የምንለው ነገር እንደ ወትሮው አብረው መሄዳቸውን ትተው ይነጣጠላሉ። ቀላሉን መልኩን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ታክሲ ውስጥ በሐሳብ ነጉደን መውረጃችንን እናልፋለን። ከባዱ ግን በተለይ ከአቅም በላይ የሆነ መከራ ያየ ሰው ላይ ይታያል። ሰዓታት ከትውስታ ይጠፋሉ፣ ሰው ራሱን ከውጭ ሆኖ የሚያይ ይመስለዋል፣ በውስጡ ሌላ ሰው ሲናገር ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ1986 ኢቭ በርንስታይንና ፍራንክ ፑትናም ባለ 28 ጥያቄ መለኪያ ያዘጋጁት ይህን ከቀላል እስከ ከባድ የተዘረጋ ልምድ ለመለካት ነበር።

ሁለቱን ማምታታት ሥር የሰደደው በሕክምና ትምህርቱ ውስጥ ነው። ጀርመናዊው ሳይካትሪስት ኩርት ሽናይደር ስኪዞፍሬኒያን ይለያሉ ያላቸውን ምልክቶች «የመጀመሪያ ደረጃ» ብሎ ዘርዝሮ ነበር። ስለ ታካሚው የሚከራከሩ ድምፆች፣ የሚሠራውን እየተከተሉ የሚተርኩ ድምፆች፣ ሐሳቡን ሌላ ኃይል ሲያስገባበት ወይም ሲነጥቀው፣ ሰውነቱንም ሲያንቀሳቅስበት መሰማት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ስንት ትውልድ ሐኪም ይህን በቃሉ ይዞ ለፈተና ቀርቧል። በ1987 አሜሪካዊው ሪቻርድ ክላፍት በጊዜው አጠራር «የብዙ ማንነት» የተባለ የዲሶሲዬሽን ሕመም ያለባቸውን 30 ሰዎች ሲመረምር ግን ሁሉም ከዝርዝሩ ቢያንስ አንዱን፣ በአማካይ ደግሞ 3.6 ምልክቶችን አሳዩ። በ1990 ኮሊን ሮስና ባልደረቦቹ እነዚሁ ምልክቶች ስኪዞፍሬኒያ ካለባቸው ይልቅ በእነዚህ ታካሚዎች ላይ በርክተው እንደሚገኙ ዘገቡ። የስኪዞፍሬኒያ ማኅተም ተደርጎ የተቆጠረው ነገር የዲሶሲዬሽንም መሆኑ ታወቀ።

በ2012 የወጡ ሁለት ጥናቶች ነገሩን ወደፊት ገፉት። ፊሊፖ ቫሬሴና ባልደረቦቹ ቀደም ያሉ ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው ሲመዝኑ፣ በልጅነት በደል ወይም መከራ መድረሱና ሳይኮሲስ ተያይዘው ተገኙ፤ የዝምድናው መጠን (ኦድስ ሬሾ፣ 1 ከሆነ ዝምድና የለም ማለት ነው) 2.78 ነው። ይኸው ቫሬሴ ከኤማ ባርከስና ከሪቻርድ ቤንታል ጋር በሠራው ሌላ ጥናት ደግሞ፣ የስኪዞፍሬኒያ ወገን የሆነ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ እንኳ የልጅነትን መከራ ከድምፅ መስማት ጋር በማገናኘት ረገድ ዲሶሲዬሽን መካከል ላይ ቆሞ ተገኘ። ስለዚህ ታካሚን በሁለት ጆንያ ከፍለን «ይህ ሳይኮሲስ፣ ያ ዲሶሲዬሽን» ብለን የምንቋጥረው ነገር አይደለም። ብዙዎቹ ሁለቱንም ይዘው ይመጣሉ፤ የእኛ ሥራ የትኛው እንደጎላና ምን እንደሚቀሰቅሰው ማወቅ ነው።

ለእኛ ጉዳዩ ከውጭ የመጣ ዕውቀት ብቻ አይደለም። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 ጎንደር ላይ የዛር ሥርዓትን ተቀምጦ ተከታትሏል። ከ60 ዓመት በኋላ ደግሞ ኒምሮድ ግሪሳሩ፣ ዳኒ ቡዶቭስኪና ኤሊዔዘር ዊትስተም የተባሉ የእስራኤል ሐኪሞች ከኢትዮጵያ የሄዱ ቤተ እስራኤላውያንን ሲያክሙ ዛር ገጠማቸው። በ1997 ያሳተሙት ጽሑፍ ርዕሱ ራሱ ጥያቄ ነበር፤ የአእምሮ ሕመም ነው ወይስ ከባህል ጋር የተያያዘ ሁኔታ? በ1994 የወጣው የአሜሪካ ሳይካትሪስቶች ማኅበር መመሪያ ዛርን በአባሪው ሲያነሳ፣ መጮኽ፣ መሳቅ፣ መዝፈን፣ ራስን ከግድግዳ ማጋጨት የሚታይበት ዲሶሲዬሽን መሆኑን ገልጾ፣ በአካባቢው ሰው ዘንድ እንደ በሽታ እንደማይቆጠር ጽፏል። ዛሬ የምንሠራበት የዓለም ጤና ድርጅት ምደባ 11ኛ እትምም መንፈስ ያዘኝ ያለን ሁሉ ሕመምተኛ አይልም። ሕመም የሚባለው ሰውየው ሳይፈልገው ሲመጣበት፣ ኅብረተሰቡ ከሚቀበለው ባህልና ሃይማኖት ውጭ ሲሆንና ሕይወቱን ሲያውክ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይሳሳት እፈልጋለሁ። ይህን ጽሑፍ አንብቦ «እንግዲህ መድኃኒቱ አያስፈልግም» የሚል ታካሚ ወይም ቤተሰብ ቢኖር የፈራሁት ደረሰ ማለት ነው። በቡታጅራ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በተካሄደው ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑ 68,378 ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀው ነበር፤ ስኪዞፍሬኒያ እንዳለባቸው ከተለዩት አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። በአገራችን ትልቁ ጉዳት ዛሬም ሕክምና ማጣት ነው። ተማሪው መድኃኒቱን ቢያዘገይ ኖሮ የሚያጣው ሌላ የትምህርት ዓመት ብቻ አይሆንም ነበር። መድኃኒት የሚቀነሰውም ሆነ የሚቆመው ከሐኪሙ ጋር ተመክሮ ነው።

በአንጻሩ ዲሶሲዬሽንን ራሱን እንደሚያድን የተረጋገጠ መድኃኒት የለም። ለዚህ ነው በወጣቷ ላይ መጠኑን መጨመር የትም ያላደረሰን። በምርመራ የሚጥል በሽታ አለመኖሩን ካየን በኋላ መድኃኒቷን ቀስ በቀስ ቀነስን። ያለፈውን ሁሉ አሁኑኑ ካልተናገርሽ ብለን አላስጨነቅናትም፤ ሳይረጋጉ ታሪክ መጎርጎር የባሰ ይበታትናል። መጀመሪያ ያስተማርናት ድምፁ ሲመጣ እግሯን መሬት ላይ ተክላ በክፍሉ ያሉትን ዕቃዎች በስም መጥራት ነው። አክስቷም ሥራ አገኙ። ድንዝዝ ስትልባቸው እንደ ቀድሞው መጮኽና ውኃ መርጨት ትተው «አዲስ አበባ ነሽ፣ እኔ አክስትሽ ነኝ፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው» ይሏታል። ጠበሉንም ተዉ አላልናቸውም፤ ከመድኃኒቱና ከቀጠሮው ጋር አብሮ ይሄዳል። ድምፁ ጨርሶ አልጠፋም። ሌሊት ማድ ቤት መቆሙ ግን ቀርቷል፤ ሰውነቷም ተፈትቷል።

ለጀማሪ ባልደረቦቼ የምለው አጭር ነው። ድምፅ እሰማለሁ ያለ ሰው ሲመጣ ከጫት፣ ከመጠጥና ከሚጥል በሽታ ጥያቄ ጋር አራት ነገር ጨምሩ። ድምፁ የማን ነው? መጀመሪያ የተሰማው መቼ ነው፣ በዚያን ሰሞንስ ምን ደርሶ ነበር? ምን ሲሆን ይመጣል? የማታስታውሰው ሰዓት ወይም ሠርተኸው የማታውቀው ሥራ ያጋጥምሃል? ታንያ ለርማንና ባልደረቦቿ በ2015 ባሳተሙት ጥናት በካሊፎርኒያ፣ በጋናዋ አክራና በህንዷ ቼናይ ከየቦታው ድምፅ የሚሰሙ 20 ታካሚዎችን ሲያነጋግሩ፣ የካሊፎርኒያዎቹ ድምፁን ባብዛኛው የማይታወቅ ጥቃት አድርገው ሲገልጹ፣ የቼናይ ታካሚዎች ብዙዎቹ የዘመድ ድምፅ ነው ብለዋል። የድምፁ ባለቤት ማን እንደሆነ ካልጠየቅን ታካሚው ከምን ጋር እንደሚኖር አናውቅም።

ጊዜ የለም የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ፤ እኔም በዚያው ወረፋ ውስጥ ነኝ። ጥያቄዎቹ ግን በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ማለቅ የለባቸውም፤ ነርሷም የጤና መኮንኑም ሊጠይቋቸው ይችላሉ። መሟላት ያለበት አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ። በደል የደረሰበት ሰው፣ በተለይም የተደፈረች ሴት፣ በአስታማሚ ፊት አትናገርም፤ አንዳንዴም በዳዩ ያው አስታማሚው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ምርመራ ላይ ለጥቂት ደቂቃ አስታማሚውን «እባክዎ ውጭ ይጠብቁን» ማለት የክፍላችን ሕግ ይሁን። ለሁሉም የሚደረግ ከሆነ ማንም ተጠርጥሬ ነው ብሎ አይቀየምም።