የድንኳን ሸራ በሐዲዱ ውስጥ ያለ ችግር ስለሚገባበት ዘዴ

በአውሮፓ ዛሬ ካራቫን የሚባለው፥ ዕቃ ጭኖ በረሃ የሚያቋርጥ የሲራራ ነጋዴዎች ቅፍለት ሳይሆን፥ በመኪና እየተጎተተ ለዕረፍት የሚወሰድ ባለመንኰራኩር ቤት ነው። ባለቤቱ ከሚያርፍበት ቦታ ሲደርስ፥ ከቤቱ ጐን እንደ በረንዳ የሚያገለግል የሸራ ድንኳን ይተክላል። ይህን ሸራ ከቤቱ ጋራ የሚያያይዘው፥ በጐኑ ላይ የተገጠመና በውስጡ ቦይ ያለው የአሉሚኒየም ሐዲድ ነው። በአገራችን ካራቫን ብዙ ባይታይም፥ ለባዛርና ለሠርግ ከሚተከሉት የአሉሚኒየም ድንኳኖች ብዙዎቹ የሚሠሩት በዚሁ ዘዴ ስለ ሆነ፥ ነገሩን ማወቅ ለነጋዴ ይጠቅማል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። በሸራው ጠርዝ ውስጥ ክብ ገመድ ተሰፍቶበታል። የቦዩ ውስጥ ሰፊ፥ አፉ ግን ጠባብ ስለ ሆነ፥ ገመዱ በሐዲዱ ጫፍ ገብቶ ወደ ፊት ይንሸራተታል እንጂ ወደ ውጭ ሊወጣ አይችልም። ሸራውን በነፋስ ጊዜ አጥብቆ የሚይዘውም፥ በሚገባበት ጊዜ የሚያስቸግረውም ይኸው ጥበቱ ነው።

ሸራው አልንሸራተት ሲል ብዙ ሰው በጕልበት ይስበዋል። ጕልበት ግን ስፌቱን ይቀድዳል፤ ጠርዙ የተቀደደ ሸራ ደግሞ ቀሪው አካሉ አዲስ ቢሆንም እንኳ አገልግሎት አይሰጥም። ስለዚህ ከመሳብ በፊት የሚከተሉትን መፈጸም ይገባል።

በመጀመሪያ፥ በቦዩ ውስጥ የተጠራቀመውን አቧራና ቈሻሻ በቀጭን ብሩሽና በሳሙና ውሃ አጥቦ ማድረቅ ነው።

ሁለተኛ፥ ገመዱ የሚገባበትን የሐዲዱን ጫፍ በጣት መዳሰስ ነው። ሲቈረጥ የቀረ ስለታም ጠርዝ ቢገኝ በሞረድ ማለስለስ ያስፈልጋል። አፉንም ከጫፉ ጥቂት ሴንቲሜትር ያህል ብቻ በመጠኑ ማስፋት ይቻላል፤ ከዚያ በላይ ቢሰፋ ገመዱ ሾልኮ ይወጣል።

ሦስተኛ፥ ገመዱን በደረቅ ሻማ ማሸት ወይም የሚረጨውን የሲሊኮን ማለስለሻ በቦዩ ውስጥ መንፋት ነው። ዘይትና ግራሶ ግን አቧራ ይሰበስባሉ፤ ሸራውንም ያቈሽሻሉ።

አራተኛ፥ በዚፕ የሚለያዩትን የጐን ሸራዎች አስቀድሞ ፈትቶ ክብደቱን መቀነስ ነው። ከዚያም ሥራው የሁለት ሰው ይሁን፤ አንዱ በሐዲዱ አፍ ቆሞ ሸራውን ሳያጣምም ያቀብል፥ ሁለተኛው በዝግታ ይሳብ። በብርድ ጊዜ የፕላስቲክ ገመድ ስለሚደድር፥ ሸራውን ፀሐይ ላይ ጥቂት ዘርግቶ ማቈየት ይረዳል።

ሸራ የሚያስመጣ ነጋዴም ከማዘዙ በፊት የገመዱ ውፍረት ከቦዩ ስፋት ጋራ መስማማቱን ማረጋገጥ አለበት። ለካራቫን ሙሉ ድንኳን ሲሆን ደግሞ፥ ልኩ የሚወሰደው ከመሬት ተነሥቶ ሐዲዱን ተከትሎ እስከ ማዶው መሬት ድረስ በሴንቲሜትር ነው። ልኩ የተሳሳተ ሸራ በምንም ቅባት አይስተካከልም።

ገዢ የተቀደደ ሸራ ይዞ ሲመለስ፥ ጥፋቱ የአሳሳቡ ቢሆንም እንኳ የሚወቅሰው የሸጠለትን ባለሱቅ ነው። ስለዚህ ሸራውን ጠቅልሎ ከማስረከብ በፊት፥ ይህን ምክር በጥቂት ቃል መንገር ሸራውን ከመቀደድ፥ ነጋዴውንም ከጠብና ከኪሣራ ያድናል።