የሕግ ረዳቷ መደብ ይኑራት

ዓለም አቀፍ ሕግ የጉራጌ ከተሞች ወደሆኑት ወልቂጤና ቡታጅራ የሚደርሰው በወረቀት ነው። ዓረብ አገር የሄደች ልጅ ደመወዟ ሲቀር ቤተሰቧ እጅ የሚገኘው የሥራ ውሏ ቅጂ፣ የፓስፖርቷ ፎቶ ኮፒና የኤጀንሲው ደረሰኝ ነው። እነዚህን አገላብጦ አሠሪው ማን እንደሆነና የተዋዋለችው ደመወዝ ስንት እንደሆነ የሚለይ፣ በውጭ አገር የሥራ ስምሪት ዓዋጅ መሠረት ኤጀንሲው ከውጭ አሠሪው ጋር በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ መሆኑን የሚነግራቸው ሰው ካላገኙ ወረቀቱ ሣጥን ውስጥ ይቀራል። ይህን ፋይል ማደራጀት የሕግ ረዳት፣ በተለምዶ ፓራሊጋል የምንለው ባለሙያ ሥራ ነው። ሥራው ቋሚ መደብና ደመወዝ ያስፈልገዋል። ልጅ የምታሳድግን ሴት ከዚህ ሙያ የሚያርቃት ልጇ ሳይሆን የመደቡ አለመኖር ነው።

ማስረጃው ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በየክልሉ በጎ ፈቃደኞችን አሠልጥኖ ነጻ የሕግ ምክር ሲያዳርስ ቆይቷል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው ዓዋጅ ቁጥር 621 በመብት ጉዳይ የሚሠሩ ድርጅቶች ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያገኙ ሲያግድ ግን ማኅበሩ ሥራውን በእጅጉ ለመቀነስ ተገደደ። ገደቡ በዓዋጅ ቁጥር 1113/2011 ቢነሣም በእርዳታ ገንዘብ የቆመ አገልግሎት ገንዘቡ ሲደርቅ አብሮ እንደሚደርቅ አይተናል። ቋሚ መደብ ለእናትም ዋስትና ነው፦ የአሠሪና ሠራተኛ ዓዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከነደመወዙ ይሰጣል፤ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ዓዋጅ ቁጥር 1064/2010 ደግሞ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። እንዲህ ያሉት መብቶች የሚጠቅሙት የተቀጠረችዋን ነው፤ በጎ ፈቃደኛዋ ስትወልድ ያላት ምርጫ ሥራውን መተው ነው።

«የውጭ አገር ጉዳይ አዲስ አበባ ይታይ» የሚሉ አሉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9(4) ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸውን ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል አድርጓል፤ ስለዚህ ጉዳዩ የወረዳ ፍርድ ቤትንም ይመለከታል። ለእያንዳንዷ ወረቀት አዲስ አበባ መመላለስም ለድሃ ቤተሰብ የሚቻል አይደለም። «በከፊል የተማረ ሰው ባለጉዳይ ያሳስታል» የሚለው ሥጋት ግን ሚዛን ይደፋል። መፍትሔውም ሥልጠናና ቁጥጥር ነው፦ ረዳቷ ፋይሉን ታዘጋጅ፣ ጠበቃው ይከራከር። ተቀጣሪን መጠየቅ ይቻላል፣ በጎ ፈቃደኛን ማን ይጠይቃል? ሴት በሕግ ሙያ መቆሟን ከባህል ጋር ለሚያጋጭ ደግሞ የቃቄ ውርድወት በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጉራጌ ባህላዊ የጆካ ሸንጎ የጋብቻውን ሥርዓት መሞገቷን ማስታወስ ይበቃል።

በጀት የለም ማለትም አያስኬድም፤ መነሻ የሚሆኑ ተቋማት አሉ። ወልቂጤ የጉራጌ፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ናቸው፤ ጉብሬ ላይ ያለው ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲም ሕግ ያስተምራል። የሁለቱ ዞኖች የፍትሕ መምሪያዎች በየከተማቸው አንድ አንድ መደብ ከፍተው ይጀምሩ፤ ዩኒቨርሲቲው ያሠልጥን፤ የሕፃናት ማቆያውም ከመደቡ ጋር አብሮ ይታቀድ።